የልጄ «ማክቤዝ»፦ የአንዲት አዳር ተረኛ ግምገማ

መጽሐፉን የገዛሁት ወድጄ አይደለም። ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» አዘዘ፣ እትሙንም ራሱ መረጠ። በግራ ገጽ ዋናው ጽሑፍ አለ። በቀኝ ገጽ ያው ጽሑፍ «በዛሬ እንግሊዝኛ» ተፈትቶ ተቀምጧል። የአሳታሚውን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ የተማሪ እትም የሚያወጡ ብዙ ናቸው፣ አንዱን ያየ ሌላውን ያውቀዋል።

እኔ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ አዳር እገባለሁ። የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ይህን እንደ ሸማች አስተያየት ውሰዱልኝ፤ ጫማ ገዝታ አምስት ሳምንት ከተራመደችበት በኋላ እንደምታወራ ሴት።

ከመጽሐፉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሱና «ልጆቻችን ኮምፒውተር መማር ሲገባቸው የአራት መቶ ዓመት ተውኔት ምን ይሠራላቸዋል?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ያውም ጠንከር አድርጌ።

ምክንያቴ የራሴ ተማሪ ቤት ነው። እኛ «ጁሊየስ ቄሳርን» ተምረናል፣ መማር ከተባለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መምህሩ እጅ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ብሩተስ፦ ክቡር፣ ቅን፣ በቀላሉ የሚታለል። ካሲየስ፦ ቀናተኛ፣ ብልጥ፣ ተንኮለኛ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ቅጽል ታደለው። ሸመደድኩት፣ ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። ከተውኔቱ ግን አንዲት መስመር እንኳ ከሰው አፍ ስትወጣ አልሰማሁም። ሰው በጩቤ ተወግቶ፣ አገር ተተራምሶ፣ በእኔ ጭንቅላት የቀሩት ቅጽሎቹ ናቸው።

እና ልጄ ያንን ቀጭን መጽሐፍ ይዞ ሲገባ አዘንኩለት።

ዕቃውን ልግለጽ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ በእስክሪብቶ ከጻፉበት ከጀርባ ይታያል። ጥራዙ ግን ጎበዝ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፣ ሁለት ሰው ተጎራብቶ ማንበብ ይችላል። በየገቢሩ መጨረሻ ጥያቄዎች አሉት። ዝለሏቸው። «የማክቤዝን ሦስት ድክመቶች ዘርዝር» የሚል አየሁና የድሮው መምህሬ እስካሁን ሥራ ላይ ናቸው እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ዋናው ነገር ቀኙ ገጽ ነው። በዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ግራውን ገጽ ጨርሶ አላየውም። በደብተር ይሸፍነዋል።

«እማ፣ ያው እኮ ነው። ይሄኛው ግን ይገባል» አለኝ።

ቀኙ ገጽ ባይኖር ኖሮ ሦስተኛው ገቢር ላይ አይደርስም ነበር። ጠንቋዮቹ ምን ብለው እንደተነበዩ፣ ንጉሥ ዱንካን በማክቤዝና በሚስቱ ቤት እንዴት እንደተገደለ፣ የማክቤዝ ጓደኛ ባንኮም ለምን ቀጥሎ እንደተገደለ፣ ሁሉንም እንደ ተከታታይ ፊልም ይተርክልኛል። ማን ማንን ገደለ ለማለት ቀኙ ገጽ ይበቃል። ተውኔቱ ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ግምገማዬም እዚህ ያልቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ዕረፍት በሆንኩበት ቀን፣ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ጥያቄው «በአምስተኛው ገቢር፣ አንደኛው ትዕይንት፣ የሐኪሙ ሚና ምንድን ነው?» ይላል። ልጄ «ትንሽ ሚና ነው» ብሎ ጽፏል። ሐኪም የሚል ቃል ስላለበት ነው ወደ እኔ ያመጣው።

ቀኙን ገጽ አነበብኩ። ንግሥቲቱ፣ የማክቤዝ ሚስት ሌዲ ማክቤዝ፣ በእንቅልፍ ልቧ ትሄዳለች፣ ሐኪሙ ያያታል፣ ያዝናል፣ ይሄዳል። አለቀ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ግራው ሄደ። እንግሊዝኛው ከበደኝ፣ ግን ቀስ አልኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ይሄ እኮ የአዳር ተረኝነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ነው። አንድ ሐኪምና አንዲት ደንገጡር ቆመው በሹክሹክታ ያወራሉ። ደንገጡሯ ስም እንኳ የላትም። ሐኪሙ «ሁለት ሌሊት ካንቺ ጋር አደርኩ፣ የነገርሽኝን ግን አላየሁም። መጨረሻ የሄደችው መቼ ነው?» ይላታል። ይህንን ንግግር በሕይወቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ያየችውን ትናገራለች፣ ሐኪሙ እሱ ሲመጣ በሽተኛው ሰላማዊ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ነርሷን በጥርጣሬ ያያታል።

ደንገጡሯ አትደነግጥም። ያየችውን በቅደም ተከተል ትነግረዋለች። ከአልጋዋ ትነሳለች። ካባዋን ትደርባለች። ሣጥኗን ትከፍታለች። ወረቀት ታወጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትጽፍበታለች፣ ታነበዋለች፣ ታሽገዋለች። ተመልሳ ትተኛለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን ከባድ እንቅልፍ ላይ ናት። አንድም «ይመስለኛል» የለውም። አዲስ ተመራቂ ነርሶችን ርክክብ እንዴት እንደሚሰጥ የማስተምር ብሆን ይህችን ገጽ አስነብባቸው ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ «ስትናገርስ ምን ሰማሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። አልናገርም ትለዋለች። «ለእኔ መናገር ትችያለሽ፣ ይገባሻልም» ይላታል። «ለእርስዎም ለማንም አልናገርም። ቃሌን የሚያጸናልኝ ምስክር የለኝም» ትላለች።

እዚህ ላይ ንባቤን አቆምኩ። ልጄ ምን ሆንሽ አለኝ። ይህች ሴት ፈሪ አይደለችም አልኩት። የምታስታምመው የንጉሡን ሚስት ነው። የሰማችው የግድያ ኑዛዜ ነው። ብትናገር ቃሏ ከንግሥቲቱ ቃል ጋር ይመዘናል፣ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃለች። ስለዚህ ሐኪሙን ራሱን ምስክር ልታደርገው ሁለት ሌሊት አቁማዋለች። ልጄ «ይሄ ቀኝ ገጽ ላይ የለም» አለ። ቀኙ ገጽ ላይም አለ። ግን «የሚመሰክርልኝ ስለሌለ አልነግርህም» በሚል በአንድ መናኛ መስመር አልፎታል።

ንግሥቲቱ ትገባለች፣ ሻማ ይዛ። ሐኪሙ መብራቱን ከየት አመጣችው ይላል። «አጠገቧ ነበር። መብራት ከአጠገቧ አይጠፋም፣ ትእዛዟ ነው» ትለዋለች ደንገጡሯ። በመጀመሪያው ገቢር ይህችው ሴት «ድቅድቅ ሌሊት ና» ብላ ጨለማን የጠራች ናት። አሁን መብራት ጠፍቶባት ማደር አትችልም። ይህን ያገናኘው ልጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ወደ ኋላ ገልጦ ያሳየኝ ግራውን ገጽ ነበር።

ከዚያ እጅ መታጠቡ ይመጣል። ውሃ የለም፣ ሳሙና የለም፣ እጇን ታሻሻለች። ደንገጡሯ «ልማዷ ነው። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አይቻታለሁ» ትላለች። ሩብ ሰዓት! የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ መታጠቢያ የሚያዘው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው። እኛ በየግድግዳው ለጥፈነው እንኳን ስልሳው ሰከንድ ይረዝምብናል። ልጄን በስልኩ ሰዓት እየያዘ እጁን እንዲያሽ አደረግኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «እማ፣ ያሳብዳል» ብሎ ተወው። ያው ሴትዮ በሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ደሙ ገና ትኩስ ሳለ፣ «ጥቂት ውሃ ያነጻናል» ብላ ነበር።

አሁን ወደ መጽሐፉ ጥፋት ልምጣ። ጥፋቱ ከባድ ነው።

ሐኪሙ ሲወጣ ለደንገጡሯ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል። አንደኛው ውስጥ «አኖያንስ» የሚል ቃል አለ። ቀኙ ገጽ «የሚያናድዷትን ነገሮች ሁሉ አርቂላት» ብሎ ፈትቶታል። ዛሬ ቃሉ እንደዚያ ነው ትርጉሙ። በዚያ ዘመን ግን ጉዳት ማለት ነበር። ሐኪሙ የሚለው «ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ሁሉ አርቂ» ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ውስጥ «ስቲል» የሚል ቃል አለ። ይሄም ያኔ «ሁልጊዜ» ማለት ነበር። ዓይንሽን ከእሷ ላይ አታንሺ፣ ለአፍታም። ማንም የአዳር ነርስ ይህን ትእዛዝ ታውቀዋለች። መቀስ ከክፍሉ ይወጣል፣ መታጠቂያ ይወጣል፣ አንድ ሰው በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሐኪሙ ይህች ሴት ራሷን ልታጠፋ እንደምትችል ገብቶታል።

ቀኙን ገጽ ብቻ ያነበበ ልጅ ሐኪሙ «እንዳትረበሽ» ያለ ይመስለዋል። ከአራት ትዕይንት በኋላ ንግሥቲቱ ሞተች ሲባል ከሰማይ የወደቀ ዜና ይሆንበታል። በመጨረሻ በገዛ እጇ እንደሞተች ሲነገር ደግሞ ይገረማል። የነገረው ሰው ነበረ። ያነበበው ገጽ ነው የደበቀበት።

ነገሩን ለልጄ በሥራዬ ቋንቋ ነው ያስረዳሁት። አንዳንድ አስታማሚ አለ። በሽተኛውን «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ትያቸዋለሽ፣ አስታማሚው ይመልሳል። «መቼ ጀመረዎት?» አስታማሚው ይመልሳል። ሰውየው ፍቅር አለው፣ ብዙ ነገርም ያውቃል፣ ታሪኩን ከእሱ መስማት ይጠቅማል። ግን በሽተኛው ራሱ ሲናገር የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ፣ መሃል ላይ የሚያቆመውን ትንፋሽ ካልሰማሽ ምንም አላወቅሽም። ቀኙ ገጽ አስታማሚ ነው። አመስግኚው፣ ከዚያ ትንሽ ውጭ ይጠብቅ በይው።

ድምፅ ካልኩ አይቀር፣ ሁለተኛው ጥፋት እዚያ ነው። ሌዲ ማክቤዝ ተውኔቱን ሙሉ የምትናገረው በስንኝ ነው። የተመጠነ፣ የሚንቆረቆር፣ የሚያዝ ንግግር። በዚህች ትዕይንት ብቻ ስንኙ ይሰበራል። በስድ ንባብ ትናገራለች፣ ያውም በብጥስጣሽ። ሰዓት ትቆጥራለች፣ «አንድ፣ ሁለት»። ሲኦል ጨለማ ነው ትላለች። የሕፃናት ዜማ የሚመስል ነገር ጣል ታደርጋለች። ከዚያ «ያ ሽማግሌ ይህን ያህል ደም አለው ብሎ ማን አሰበ?» ብላ ትጠይቃለች፣ ማንንም ሳይሆን። ብልሽቱ በዓይን ይታያል፤ ግራው ገጽ ላይ መስመሮቹ ራሳቸው ቅርፃቸውን ያጣሉ። ቀኙ ገጽ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉንም ሰው በስድ ንባብ ስለሚያናግር ጤነኛዋና የታመመችው ሴት እኩል ይናገራሉ። በሽተኛዋ ንግግሯ ተቀየረ ወይ ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ምርመራ አይደለም እንዴ?

በዚያ ሌሊት ጮክ ብለን አነበብነው። እኔ ደንገጡር፣ ልጄ ሐኪም። ትንሿ እህቱ እንግሊዝኛው ቢከብዳትም የስልክ መብራት ይዛ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ትንፏቀቃለች። ስትገባ ዓይኗን አፍጥጣ ነበር። እውነት ለመናገር ፀጉሬ ቆመ። ትዕይንቷ ከመቶ መስመር ታንሳለች፣ ጥቂት ደቂቃ ብትወስድ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምናት፣ ምክንያቱም ሁሉም ሌዲ ማክቤዝ ልሁን አለ።

በኋላ ስለዚህች ትዕይንት ጥቂት አነበብኩ። ሳይመን ፎርማን የሚባል የለንደን ሰው «ማክቤዝን» በ1611 (እ.ኤ.አ.) ግሎብ ቲያትር አይቶ ማስታወሻ ጽፏል። ሥራው ኮከብ ቆጠራና ሕክምና ነበር። ስለ ሌሊቱ ትዕይንት ሲጽፍ ንግሥቲቱ ተኝታ እንደሄደች፣ ሁሉንም እንደተናዘዘች ይገልጽና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሐኪሙ ቃሏን መዝገቡ ላይ እንዳሰፈረ። ሐኪም ነው፣ ሐኪሙን ነው ያየው። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ሌላው ሰው ንግሥቲቱን ሲያይ እኛ ቻርቱን ማን ያዘው እንላለን።

ሦስተኛው ጥፋት መቁረጥ ነው። ይህ እትም «ለትምህርት ቤት የተስተካከለ» ነው፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የተስተካከለው በር ጠባቂው ነው። ግድያው በተፈጸመ ማግስት፣ ገና ሲነጋ፣ በር ይንኳኳል። በር ጠባቂው በስካር እየተንገዳገደ ይመጣል፣ ሰው ያስቃል። መጠጥ ሦስት ነገር ያመጣል ይላል፦ የአፍንጫ መቅላት፣ እንቅልፍና ሽንት። ከዚያ ስለ ፍትወት የሚናገረው አለ፤ መጠጥ ፍላጎቱን ይሰጣል፣ አቅሙን ይነሳል። በሕክምና ዓይን አንዱም ስህተት የለበትም። ቅዳሜ ማታ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይፈርምበታል። የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ይህን ባያነብ ምን ይጠበቅለታል? ግድያውን በሙሉ፣ ደሙን በሙሉ አስቀርተውለት ሽንቱን አወጡበት።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ቶማስ ባውድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሼክስፒርን ለቤተሰብ ንባብ አጽድቶ አሳትሟል። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1807 ነው፣ እህቱ ሄንሪየታም ዋናዋ ሠራተኛ ነበረች። በእነሱ እትም ሌዲ ማክቤዝ እጇ ላይ ያለውን ነጠብጣብ «የተረገምክ» ማለቷ ቀርቶ «ቀይ» እንድትለው ተደርጓል። ሰው ገድላ አብዳ፣ ስትሳደብ ግን ጨዋ ሆነች። እና ታምናላችሁ? ባውድለርም ሐኪም ነበር። ስለ ሙያ ባልደረቦቼ ሌላ አልጨምርም።

በዚያው 1807 ቻርልስና ሜሪ ላም የሼክስፒርን ተውኔቶች ለልጆች በተረት መልክ ጽፈው አወጡ። ስለዚህ ቀኝ ገጽም ቢሆን የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። ልጆች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአቋራጭ ሲያልፉ ኖረዋል። እኔ በአቋራጩ አልጣላም። መንገዱን ከዘጋ ነው የምጣላው።

አሁን ያጨበጨብኩበትን ነገር ልመልስ። ይማሩት ወይስ አይማሩት?

እኚያ አባት ያሉት ከንቱ አይደለም። የትምህርት ሰዓት ውስን ነው። ልጄ ለዚህ ተውኔት አምስት ሳምንት ሰጥቷል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ የተነበበው ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። አሰበ፣ አሰበ፣ «ጠንቋዮቹን» አለኝ። የመጀመሪያዋን ገጽ ማለት ነው። ሌላው ማስታወሻ፣ ጥያቄ፣ ማጠቃለያ፣ የባሕርይ ዝርዝር ነበር። ያንን ከሆነ የሚያስተምሩት፣ ይተውት። ሳላቅማማ እላለሁ። ቅጽል ለመሸምደድ ሼክስፒርን መቀስቀስ አያስፈልግም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ግን «ማክቤዝ» ከሼክስፒር ትራጀዲዎች ሁሉ አጭሩ ነው። መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። «ሐምሌት» ወደ እጥፉ ይጠጋል። በየክፍለ ጊዜው ተራ እየወሰዱ ጮክ ብለው ቢያነቡት በአንድ ሳምንት ተኩል ያልቃል። ከዚያ የቀረውን ሳምንት ቅጽል ይጻፉ፣ ግድ የለኝም። በዓመት አንድ ተውኔት ይበቃል። አንድ፣ ግን በአፍ።

ለምን የዛሬ ተውኔት አይሆንም የሚሉም አሉ። ይሁን፣ እሱም ይጨመር። እኔ ግን ልጄ ያችን ትዕይንት ሲያነብ አንድ ነገር አየሁ። ቃሉ እንግዳ ስለሆነበት ቀስ አለ። ልጄ በምንም ነገር ቀስ አይልም። መልእክት ሲያነብ እንኳ መጨረሻውን ብቻ ነው የሚያየው። «አኖያንስ» ላይ ግን ቆመ፣ ጠየቀ፣ ሁለት ትርጉም ያዘ፣ አንዱን ጣለ። ከባድ እጅ ጽሑፍ ያለው የሕክምና ካርድ ስታነቢ እንደዚያ ነው። ቸኩለሽ ካነበብሽ የሚጎዳ ሰው አለ።

ከእንግሊዝኛም ውጭ ያለ ነገር ነው ደግሞ። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ ከመቶ ሃያ በላይ ተውኔት ጽፎ ሙሉ ሆነው የደረሱን ሰባት ብቻ ናቸው። ምሁራን እንደሚሉት የተረፉት በአብዛኛው ለትምህርት ቤት የተመረጡት ናቸው። ተማሪዎቹ ያኔም እያማረሩ እንዳነበቧቸው አልጠራጠርም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ኦቴሎን» እና «ሐምሌትን» ወደ አማርኛ ሲመልስ ተዋናይ አፍ ውስጥ የሚገባ ቃል ነው የፈለገው፣ ማጠቃለያ አልጻፈም። ለእንግሊዝኛው ገና ላልደረሰ ልጅ ከየትኛውም ቀኝ ገጽ ይልቅ እሱን እሰጠዋለሁ። ትንሿ ልጄን ከእሱ ነው የማስጀምራት።

መጽሐፉን መግዛት ለተገደዳችሁ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ያለው የፎልጀር ሼክስፒር ቤተ መጻሕፍት የተውኔቶቹን ሙሉ ጽሑፍ በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧል። እንዲሁ ተራ ድረ ገጽ አይደለም። «ማክቤዝ» መጀመሪያ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623 በወጣው ትልቅ ጥራዝ ውስጥ ነው። የዚያን ጥራዝ 82 ቅጂ የያዘው ይህ ቤት ነው። በር ጠባቂው እዚያ አለ፣ ሽንቱም አለ። አትሜ ልጄ መጽሐፍ ውስጥ በእስቴፕለር አስገባሁለት። የታተሙት የፎልጀር መጻሕፍት ደግሞ ጽሑፉን በቀኝ ገጽ፣ የከበዱ ቃላትን ፍቺ በግራ ገጽ ያስቀምጣሉ። ቃል ይፈታሉ፣ ስለ አንተ ሆነው አያነቡልህም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አምስት ሳምንት ከሌላው ጋር ኑሩና ንገሩኝ። ማዳመጥ ለሚፈልግ ሊብሪቮክስ በሚባል ድረ ገጽ ላይ በጎ ፈቃደኞች ያነበቡት ነፃ ቅጂ አለ። አንባቢዎቹ ጥራታቸው ይለያያል፣ ግን ስልክ ላይ ጭኖ ለመንገድ ይሆናል።

የተማሪ እትሙን ታሪኩን ለማያውቅና ለፈራ ልጅ እመክራለሁ፣ ለመጀመሪያ ንባብ። ከአምስት ኮከብ ሁለት። አንዱ ኮከብ ተዘርግቶ ስለሚተኛው ጥራዝ ነው። ልጄ ሦስት ይገባዋል ይላል። «እማ፣ ያለ እሱ አልጀምርም ነበር» ነው ክርክሩ። ልክ ነው፣ ግን ኮከቡን የምሰጠው እኔ ነኝ።

የቤት ሥራውን መልስ አጠፋና እንደገና ጻፈ። «ሐኪሙ ሁሉንም አወቀ። ጻፈው። ለማንም አልተናገረም። ደንገጡሯ ከእሱ በፊት ይህን ታውቅ ነበር» አለ። ከአስር አምስት አገኘ። የመምህሩ መልስ «የሌዲ ማክቤዝን ጸጸት ለተመልካች ማሳየት» የሚል ነበር። ልሄድና ልከራከር ፈልጌ ነበር፣ ልጄ ለመነኝ፣ ተውኩት።

መጽሐፉ አሁን የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት አዳር ላይ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዎርዱ ጸጥ ሲል፣ አብራኝ ተረኛ ለሆነችው ነርስ ሰጠኋት። ልጇ በሚቀጥለው ዓመት አስራ አንደኛ ይገባል። ሌሊቱን ትዕይንት ጨርሳ ወደ ሦስተኛው አለፈች። እዚያ ማክቤዝ ሐኪሙን ይጠራና የታመመ አእምሮ ማከም አትችልም ወይ እያለ ያፋጥጠዋል። ሐኪሙ እዚያ ላይ በሽተኛው ራሱን ማከም አለበት ይላል። ሲወጣ ደግሞ ለብቻው ያጉረመርማል፦ ከዚህ ቤተ መንግሥት አንዴ ብወጣ፣ ምንም ቢከፍሉኝ ተመልሼ አልመጣም።

ጓደኛዬ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ቀስ በይ፣ በሽተኛ ተኝቷል» አልኳት።

አፏን በእጇ ይዛ ገጹን አጠፈችው። ጠዋት ርክክብ ላይ ለሐኪሙ እንደምታነብለት ነገረችኝ።